ካርታ ነው የተባለው ጉበት

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ እኔ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነበርኩ። ሐኪምነቱን ጨርሼ፣ ቀዳጅ ለመሆን ደግሞ እንደገና ደብተር የያዝኩ ማለት ነው። እናቴን ለአንድ ሳምንት ልጠይቅ መጣሁና መንገዱ ከኋላዬ ተዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ የቧንቧ ውኃ ጠፋ፤ ከተማዋን ታጣቂዎች ያዟት። እኔም በሠላሳ ዓመቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ በምተኛበት አልጋ ላይ እግሬን አጥፌ ማደር ጀመርኩ።

ይዤው የመጣሁት ሥራ አንድ ነበር። ስመለስ ለአስተማሪዎቼ ማቅረብ የነበረብኝ ትምህርት፤ ርእሱም ከአንድ ሟች የተለገሰን ጉበት ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ሕመምተኞች ስለ መትከል። ትንሹ የግራ ቁራጭ ለሕፃን፣ ትልቁ የቀኝ ቁራጭ ለአዋቂ። እኔ በምማርበት ቦታ እንኳን ጉበት፣ የእጅ ጓንት ለማካፈልም የምናስብበት ቀን ስለነበር፣ ርእሱ የተሰጠኝ ይሠራበታል ተብሎ አይደለም። ለቅጣት ነው። አንድ ጠዋት አለቃችን በሽተኛ ሲጎበኙ ስለ ጉበት የማይመለከተኝን ጥያቄ ጠየቅኩ። እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣

«ጉበት የምትወድ ትመስላለህ» አሉ። «እንግዲያው ይህን አዘጋጅ። ደግሞ በአማርኛ ይሁን። በእናትህ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻልከው ነገር አልገባህም ማለት ነው።»

ስለዚህ እናቴ ቤት ተቀምጬ፣ ሌላ የምሠራው ስለሌለ፣ በአንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ላይ ጉበት ሣልኩ። ጉበት ከላይ ሲያዩት አንድ ወፍራም ሥጋ ነው፤ ውስጡ ግን ስምንት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል የራሱ የደም መግቢያና መውጫ አለው። ክፍሎቹን ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ሰጠኋቸው። ደም ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ቀይ፣ የሚያወጣውን ሰማያዊ፣ የሐሞቱን ቧንቧ አረንጓዴ ቀባሁ። ቢላ የሚያልፍበትን ቦታ በነጠብጣብ አሠመርኩና «የመቁረጫ መስመር» ብዬ ጻፍኩ። ከመስመሩ ወዲህ «ግራ ክንፍ»፣ ወዲያ «ቀኝ ክንፍ»፣ ከሥር ደም ሥሮቹ ተሰብስበው በሚገቡበት ቦታ «ዋናው በር»። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ዘረዘርኩ፦ መጀመሪያ በሩን ፈልጎ መያዝ፤ ቀጥሎ የግራውን ክንፍ አቅርቦት ከቀኙ መለየት፤ ከዚያ ብዙ ደም ሳይፈስ በመስመሩ ላይ ቆርጦ ማለፍ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ወገን በሕይወት እንዲቀጥል ማድረግ።

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ቃል ቢኖር «ጉበት» የሚለውን ነው። ለምን እንደምጽፈው አልታየኝም። ሰው የእናቱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ «እናቴ» ብሎ አይጽፍም።

እናቴ ሥዕሉን ጠላችው። «ይህን የሰው ሆድ ዕቃ ከግድግዳዬ ላይ አውርድልኝ፤ እህል አልወርድልሽ አለኝ» አለች። ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት ይፈትሻሉ የሚል ወሬ ሲመጣ ደግሞ ሳትነግረኝ ጠቅልላ የማሽላው ጎታ ውስጥ ቀበረችው።

ፈታሾቹ ሦስት ነበሩ። የሚፈልጉት መሣሪያና ሬዲዮ ነው። አንደኛው ጎታው ውስጥ ዱላ ሲሰድ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ፤ ማሽላውን በእጁ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ጥቅሉን ሳበው። ሲዘረጋው ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። እኔም ወረቀቱን በነሱ ዓይን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወንዞች አሉበት። መንገድ አለበት። ቁጥር የተሰጣቸው ቀጣናዎች አሉበት። ግራ ክንፍና ቀኝ ክንፍ አሉበት።

«እናቴ፣ ይህን ለምን ደበቁት?» አላት ወረቀቱን ያወጣው።

«አስቀያሚ ስለሆነ ነው» አለች እናቴ። እውነቷን ነበር፤ ግን ማን ይመናት።

ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። መሪያቸው የተቀመጠው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ የመነጽሩ እጀታ ተሰብሮ በክር የታሰረ ሰው ነበር። አማርኛው ከኔ ይጠራል። ወረቀቱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አስለጠፈና ብዙ ጊዜ አየው።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጉበት ነው።»

«እኔ ከዚህ በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ» አለ። «አሥራ ሰባት ዓመት። ተማሪዎች ብዙ ነገር ብለውኛል፤ ካርታን ጉበት ነው ያለኝ ግን የለም።»

«እውነቴን ነው። ሰማያዊው ደም መልስ ነው፤ ቀዩ ደግሞ...»

«ሰማያዊ ወንዝ ነው። በዓለም ሁሉ ሰማያዊ ወንዝ ነው። ቀዩ አስፋልት ነው። አረንጓዴው?»

«ሐሞት።»

«ሐሞት የሚባለው ቀበሌ የት ነው ያለው?»

እሱ ወደ ኅዳጉ ዞረና በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «በሩን ፈልጎ መያዝ። የግራውን ክንፍ አቅርቦት መለየት።» ከጀርባው ያሉት ታጣቂ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ አነበበው። «ሁለቱም ወገን በሕይወት እንዲቀጥል ማድረግ» አለና መነጽሩን አወለቀ። «ይህ ነው ያልገባኝ። እንዲህ ያለ ዓላማ ያለው ጦር የቱ ነው?»

በዚህ መሃል እናቴ ወደ አጎቴ ሮጣ ነበር። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሉካንዳ ነበረው። አባቴ በሕይወት የለም። የአባቴ ወገን እስላም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው፤ በኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። እናቴ ከአጎቴ ቢላ የወጣ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም፤ እሱም ከሷ ድስት። ከዚያ ውጪ ግን ጭንቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደሱ ነው።

አጎቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ገባ። ሰሌዳው ላይ ያለውን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ጌታው» አለ ለመምህሩ፣ «ኧረ በአላህ ይህ ልጅ ካርታ አያውቅም። ከዚህ ውርጌሳ ድረስ ያለው አንድ አስፋልት ነው፤ እሱንም ተሳስቷል። ተማሪ ሳለ ውርጌሳ ልኬው ግራና ገበያ ሄዶ ነው የተገኘ።»

ነገሩ እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም።

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው ይላሉ?» አለው መምህሩ።

አጎቴ ጠጋ ብሎ ወረቀቱን መረመረ። «ወላሂ ጉበት ነው አልልም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጉበት ሳወጣ ኖሬ እንዲህ ያለ አላየሁም። ግን ልጁ ጉበት ነው ካለ ጉበት ነው። ውሸት አይችልበትም።»

መምህሩ አሰበ። አስተማሪነቱ ገና አልለቀቀውም መሰለኝ። «ጥሩ» አለ፣ «ጉበት አምጡ። ከሥዕሉ ጋር አስተያይቶ ያሳየኝ። ትክክል ከሆነ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

መርሳ ውስጥ በዚያን ጊዜ ጉበት አልነበረም። የሉካንዳው በር ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። ያለው ከብት ወይ ተሽጧል፣ ወይ ወደ ቆላ ሸሽቷል፣ ወይ ተበልቷል።

«ፍየል የለኝም» አለ አጎቴ፣ ማንም ስለ ፍየል ሳይጠይቀው።

አጎቴ ወደኔ ዞረና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። በሕይወቱ ስንት ከብት ገበያ ላይ እንዲያ እንዳየ አውቃለሁ። የወንድሙን ልጅ ከአንዲት ፍየል ጋር እያስተያየ እንደሆነ ገባኝ፤ ሒሳቡም ቶሎ አላለቀለትም።

«አንዲት አለች» አለ በመጨረሻ።

ፍየሊቱን መኝታ ቤቱ ውስጥ ደብቋት ነበር። የማንጎ ልጣጭ እያበላ ከሚስቱና ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አሳድሯታል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቢስሚላህ ብሎ አረዳትና ጉበቷን በትሪ ይዞ ገባ። ሲያስቀምጠው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እኔም ጉበቱን አየሁት። ከሥዕሉ ጋር አይመሳሰልም። የሰው ጉበት ቀኙ ሰፊ፣ ግራው ጠበብ ያለ ነው፤ የፍየል ደግሞ ሌላ ነው፤ አቀማመጡም ቅርጹም የራሱ። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ነገሩ ሲጀመር ግን ከጭንቀቱ የተነሣ ትዝ አላለኝም።

«አይመሳሰልም» አለ መምህሩ።

«የፍየል ስለሆነ ነው» አልኩ።

«ይህን ቀድሞ መናገር ነበረብህ» አለ አጎቴ ወደ መስኮቱ እንደዞረ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። ቅርጹ ቢለያይም ቧንቧው የሚከፋፈልበት ሥርዓት ያው ነው። በቦርሳዬ ውስጥ የምለማመድበት መርፌ፣ ክርና መቆንጠጫ ነበረኝ፤ ከፈታሾቹ አንዱ አምጥቶት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኩ። የጉበቱን በር ፈልጌ አገኘሁ። ትልቁን ደም ሥር ወደ ውስጥ ስከተለው ሁለት ቦታ ተከፈለ። የእስክሪብቶ ቀፎ ወደ ግራው ቅርንጫፍ ከትቼ በክር አሰርኩትና አጎቴን ጠራሁት።

«ንፋበት።»

አጎቴ ፍየል ሲገፍ ቆዳውን እየነፋ ያረጀ ሰው ነው፤ ሳንባው እንደ ወናፍ ነው። ከንፈሩን ቀፎው ላይ አድርጎ ነፋ። የጉበቱ አንዱ ወገን ቀስ እያለ ተነሣ፣ አበጠ፣ ጠርዙ ተወጠረ። ሌላው ወገን እንዳለ ቁጭ አለ። በሁለቱ መካከል፣ ባበጠውና ባላበጠው ድንበር ላይ፣ በቢላ የተሠመረ የሚመስል መስመር ታየ።

«የመቁረጫ መስመሩ ይህ ነው» አልኩ። «በዚህ ላይ ብንሄድ ትልልቁን ቧንቧ አንነካም። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን መግቢያና መውጫ ይዞ ይለያያል። አንዱ ለሕፃን፣ አንዱ ለአዋቂ ይተከላል፤ ሁለቱም ይኖራሉ።»

በአጎቴ ቢላ በመስመሩ ላይ ቀስ ብዬ ቆረጥኩ፤ ያገኘኋትን ትንሽ ትንሽ ቧንቧ እያሰርኩ። ለሦስት ወር ምንም ያልቆረጠ ቀዳጅ ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል። ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አንገታቸውን አሰገጉ። አንደኛው ፋኖስ እንደሚይዝ ሰው ትሪውን ደግፎ ያዘልኝ።

መምህሩ ግን ጉበቱን አላየም። የሚያየው ሰሌዳውን ነበር።

«ተፋሰስ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ጠመኔ አነሣና ከሥዕሌ ጎን ሌላ ሥዕል ጀመረ። «አያችሁ» አላቸው ለልጆቹ፣ «ከወልድያ በላይ ያለው ተረተር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ግማሹ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ ግማሹ ወዲህ ወደ አፋር ይወርዳል። ተረተሩ ላይ ቆመህ ብትቆፍር ምንም ወንዝ አትቆርጥም። እሱ የሚለው ይህን ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ተፋሰስ ነው።» ወደኔ ዞረ። «ነው?»

«ነው» አልኩ። ከዚያ በፊት ካነበብኳቸው ገጾች ሁሉ ነገሩን እንዲህ አጥርቶ ያስቀመጠልኝ አልነበረም። በኋላ ትምህርቱን ለአለቃዬ ሳቀርብ ቃሉን እንዳለ ወስጄ ነው የተጠቀምኩበት፤ ከየት እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር ብያቸው አለፍኩ።

ጥያቄው ግን አላለቀም። «ዋናው ቧንቧ አንድ ነው» አለ አረንጓዴውን እየነካ። «ሲከፈል ግንዱ ለማን ይደርሳል?»

«ቀዳጆቹ የሚቸገሩት እዚያ ላይ ነው። ለአንደኛው ግንዱ፣ ለሌላኛው ቅርንጫፉ ይደርሳል። ቅርንጫፍ የደረሰው በቀጭን ክር ይሰፋል። ከባድ ነው እንጂ ይቻላል።»

«ማን ነው የሚወስነው?»

«ሁለቱ ቀዳጆች፣ ቁጭ ብለው ተነጋግረው።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መነጋገር ደግ ነው» አለ።

መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራገፈ። «እንግዲህ ካርታ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ካርታ ነው» አልኩ።

«ገና ስጠይቅህ እንዲህ ብትል ኖሮ ፍየሊቱ ትተርፍ ነበር።»

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር መምህሩ ጾመኛ ነው፤ ጉበቱን ለአጎቴ መለሰለት። የቀረው ሥጋ ግን ለተጨማሪ ምርመራ ይፈለጋል ተብሎ ግቢው ውስጥ ቀረ። ሥዕሉንም ለመነኝ፤ አንድ ቀን ክፍል ስመለስ አሳይበታለሁ አለ። ሰጠሁት። አጎቴ ትሪውን ይዞ ከፊት ከፊቴ ወደ ቤቱ ሄደ። ጉበቱን እኔ በቆረጥኩበት መስመር አካፍሎ አንዱን ለወለደች ጎረቤቱ ላከላት፤ ሌላውን ሚስቱ ጠበሰችው፤ እሱ ግን አልቀመሰም። «አንድ ክፍል አብረን ያደርን ሰዎች ነን» አለ።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ስልክ በሌለበት አገር ወሬ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲሄድም ይወፍራል። በሳምንቱ ግራና ሲደርስ፣ አንድ ጉበት ለሁለት ሰው የሚያካፍል ሐኪም መርሳ ገብቷል፣ በወታደር ፊት ሠርቶ አሳይቷል፣ ሁለቱም በሽተኞች ተነሥተው ሄደዋል ተብሎ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ደጅ ላይ አህያ ቆመ። አህያው ላይ ዓይናቸው እንደ እንስላል አበባ ቢጫ የሆነ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ባለቤታቸው የልብስ ጥቅል ይዘው በእግራቸው መጥተዋል።

«ጉበት የምታካፍለው አንተ ነህ?» አሉኝ ሴትየዋ። «ይኸው መጥቻለሁ። ግማሹን ከኔ ቆርጠህ ለሱ ስጠው። ልብሴንም ይዣለሁ።»

እኔ ያየሁት የፍየል ጉበት እንደሆነ፣ ይህ ሥራ ብዙ ባለሙያና ብዙ መሣሪያ እንደሚፈልግ ለማስረዳት ሞከርኩ። ከዚያ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ሌላ አገር ከሕያው ሰው ላይ እየቆረጡ እንደሚተክሉ፣ የሰጪውም ጉበት ተመልሶ እንደሚያድግ ነገርኳቸው።

«ይበቅላል?» አሉ ሴትየዋ። «ታዲያ ምን ታስባለህ? ጎመን ቆርጠን አናውቅም?»

«እኔ አልፈልግም» አሉ ሽማግሌው ከአህያው ላይ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ከውጭ ሆና ስትቆጣኝ ኖራለች። አሁን ደግሞ ከውስጤ ገብታ ልትቀመጥ ነው?»

«ብገባ ይሻልህ ነበር» አሉ ሴትየዋ። «ከውጭ ሆኜማ ስናገር ሰምተኸኝ አታውቅም።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ሽማግሌውን አስወርጄ አልጋዬ ላይ አስተኛኋቸው። ሆዳቸውን ዳሰስኩ፤ ጉበታቸው አብጦ ይጎረብጣል። ትኩሳት እንደጀመራቸው፣ ምግብ እንደዘጋቸው፣ ሽንታቸው እንደጠቆረ ነገሩኝ። ቧንቧ ከጠፋ ወዲህ የወንዝ ውኃ እንደሚጠጡ፣ ከጎረቤቶቻቸውም ሦስት ሰው ቢጫ እንደሆነ ሰማሁ። የወፍ በሽታ ነው፤ ከውኃ የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚለቀው። የደም ምርመራ የለኝም፤ የነበረኝ ጣቴና ግምቴ ነው። ግምቴ ቢሳሳት ምን አደርግላቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ግን ለነሱ አልነገርኳቸውም።

«አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አልኳቸው። «ጉበት መቀየር አያስፈልግም። ውኃውን አፍልተው ያጠጧቸው፤ የባህል መድኃኒት እንዳይወስዱ፤ ሥራ ይቅርና ይረፉ። ከተቀባዠሩ ወይም ደም ካዩ ግን በዚያው ቀን ያምጧቸው።»

ሴትየዋ ቅር አላቸው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ለትልቅ ነገር ነበር። «ማረፍንማ ድሮም ያውቅበታል» አሉና ጥቅላቸውን አንሥተው አህያውን አዞሩት።

መንገዱ ተከፍቶ ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስል፣ እናቴን ተሰናብቼ በገበያ ቀን ግራና ወረድኩ። ልቤ አላረፈም ነበር። ሽማግሌውን ሸንኮራ አገዳ ተራ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የዓይናቸው ነጩ ነጭ ሆኗል፤ ወፍረዋልም። ባለቤታቸው አጠገባቸው ላሉት ሴቶች ታሪኩን እየነገሩ ነበር። «በመድኃኒት አይደለም የዳነው» ይላሉ፣ «ጉበቴን እሰጥሃለሁ ስለው ደንግጦ ነው።» እኔን ሲያዩ ጉንጬን ስመው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሽማግሌው በዱላቸው ጠቀሱኝና ከሰው ራቅ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «የዚያን ቀን ይቻላል ብትላት ትሰጠኝ ነበር?»

«አንቱ፣ ልብሳቸውን ጠቅልለው እኮ ነው የመጡት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከያዙት አገዳ አንድ ክንድ ያህል ሰብረው እጄ ላይ አኖሩና ወደ ባለቤታቸው ዘወር ብለው አዩ። ሴትየዋ በእጃቸው የጉበታቸውን ልክ ለሴቶቹ እያሳዩ ነው።

«እኔም ብትታመም እሰጣታለሁ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን እንዳትነግራት። ሳትታመምም ትጠይቀኛለች።»